ቬትናም፣ ፋን ራንግ፦ ሚ ሆአ ላጉን ላይ በጃንዋሪ የሁለት ሳምንት የካይት ጉዞ

ደራሽ_ነፋስ
ሰላም ለሁላችሁም። በ2027 መጀመሪያ ከጓደኛዬ ጋር ቬትናም ለካይትሰርፊንግ (በካይት እየተሳቡ በቦርድ ውሃ ላይ መንዳት) ልንሄድ ነው። የታወቀው የካይት ከተማ ሙይ ኔ በሰው ስለሚጨናነቅ ትተነው፣ ከእሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን የፋን ራንግን አካባቢ መርጠናል፤ በተለይ ሚ ሆአ የሚባለውን፣ በኮራል ሪፍ (ከባህር ሥር ባለ የኮራል ድንጋይ ግድግዳ) የታጠረ ላጉን፣ ማለትም ጥልቀት የሌለው የረጋ የባህር ውሃ። ትኬት ሳንቆርጥ ቦታውን የምታውቁ ሰዎች እቅዱን ብታዩልን ደስ ይለናል።

እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ እሷ 58። ሁለታችንም በትዊን ቲፕ (በሁለቱም ጫፍ ወደፊት በሚሄድ ቦርድ) ነው የምንነዳው፤ ወደ ነፋሱ መውጣት አያስቸግረንም፣ ትንንሽ ዝላይም እንሞክራለን። ሪፍ ያለበት ውሃ ላይ ግን ነድተን አናውቅም። ያሉን ካይቶች 12 እና 9 ካሬ ሜትር ናቸው። ያሰብነው ቀን ከጃንዋሪ 24 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ነው።

ማወቅ የምንፈልገው፦ ነፋሱ በዚያ ወቅት ምን ያህል ይታመናል? የትኛውን ካይት እንያዝ? የባህሩ ሙላትና ጉድለትስ በቀን ስንት ሰዓት ያስነዳል? በሻንጣ፣ በቪዛና በመንገድ በኩል ልናስብበት የሚገባ ነገር ካለም ንገሩን። ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ሞንሱን_ጠባቂ
ምርጫችሁ ጥሩ ነው። ከነፋሱና ከካይቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእነሱ ነው።

የሚ ሆአ ወቅት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን (ወቅታዊ ነፋስ) ነው። ኖቬምበር ላይ የዚያ ባህር ዳርቻ ዝናብና ማዕበል ገና አይወጣለትም፤ ስለዚህ አስተማማኙ ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለው ነው። ጃንዋሪ መሃሉ ላይ ነው። የተለመደው ነፋስ ከ20 እስከ 30 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ሲገፋ ደግሞ ለተከታታይ ቀናት ጠንክሮ ይቆያል። ለጥንካሬው ምክንያት አለው። ከበስተ ሰሜን የኑይ ቹአ ተራራ 1,039 ሜትር ከፍታ ይዞ ባህሩ አፍ ላይ ቆሟል። ሞንሱኑ ተራራውን ታክኮ ሲዞር ይፈጥናል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የብሱ ሲግል የባህር ነፋስ ይጨመርበታል። አካባቢው በቬትናም ካሉት እጅግ ደረቅ ቦታዎች አንዱ ስለሆነ መሬቱ ቶሎ ይሞቃል።

ትንበያ ስታዩ ይህን አስታውሱ። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአየር ትንበያ ሞዴል ዓለምን የሚያየው በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ ከፋፍሎ ነው። እንዲህ ያለ ሞዴል ያንን ተራራ በቅጡ አያየውም፤ 16 ኖት ብሎ የጻፈላችሁ ቀን ከሰዓት በኋላ 23 ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫውንና የቀናቱን ንጽጽር ተመልከቱ፤ ነገ ከዛሬ ይጠነክራል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ካይቱ። ለትዊን ቲፕ ሻካራ ግን የሚሠራ ስሌት አለ፦ ክብደት በኪሎ ሲካፈል ለነፋስ በኖት፣ ሲባዛ በ2.2። ለ78 ኪሎ ሰው በ20 ኖት 8.6፣ በ25 ኖት 6.9፣ በ30 ኖት 5.7 ካሬ ይመጣል። ለ58 ኪሎ በ20 ኖት 6.4፣ በ25 ኖት 5.1፣ በ30 ኖት 4.3። እንግዲህ 12ቷ ካይት እዚያ ሥራ የላትም፤ ቤት ትቅር። 9ኟ ለአንተ ለቀላሉ ቀን ትሆናለች፤ ለጓደኛህ ግን ከ14 እስከ 16 ኖት ላይ ካልሆነ አትሆናትም።

የሚያስፈልጋችሁ 9፣ 7 እና 5 ነው። በ20 ኖት አንተ 9፣ እሷ 7 ትይዛላችሁ፤ በ25 ኖት አንተ 7፣ እሷ 5። ሦስት ካይት ለሁለት ሰው በዚህ መንገድ ይበቃል። 30 ሲያልፍ አንዳችሁ አርፋችሁ 5ቷን በየተራ ተጠቀሙባት፤ ለእሷ ያን ጊዜ 5ም ትልቅ ስለሆነች ከባሩ (ካይቱ ከሚነዳበት የእጅ ዘንግ) ላይ ኃይሏን በደንብ ቀንሳ፣ ሙላት ሲሆን ብቻ ትውጣ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ20 ወደ 28 ኖት የወጣ ነፋስ ካይቱን የሚስበው በእጥፍ ገደማ ነው፤ «ስምንት ኖት ብቻ ነው የጨመረው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጨው_ውሃ
ሞንሱን_ጠባቂ ስለ ነፋሱ ያለው ትክክል ነው። ግን ሚ ሆአ ላይ ቀኑን የሚወስነው ከነፋሱ በላይ ሙላቱ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው እዚያ ደርሶ ነው።

ላጉኑ እንደ መስታወት የሚረጋው ከውጭ ያለው ሪፍ ሞገዱን ስለሚሰብርለት ነው። ያው ሪፍና ወለሉ ላይ ያለው ኮራል ውሃው ሲጎድል ይቀርባችኋል። በመካከለኛና በከፍተኛ ሙላት ለመንዳት የሚመች ውሃ ነው፤ ጉድለቱ ሲገፋ ግን የቦርዱ ፊን (ከሥሩ የተገጠመው ትንሽ ክንፍ) ኮራሉን መንካት ይጀምራል። ፊን ኮራል ሲነካ ቦርዱ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ሰውዬው ግን አይቆምም፣ በፊቱ ይወረወራል። የዚያ ቦታ ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

የዚያ ዳርቻ ሙላት ድብልቅ ዓይነት ሆኖ ወደ ዕለታዊው ያደላል። በብዙ ቀናት በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ሙላትና አንድ ትልቅ ጉድለት ታያላችሁ፤ በየመሃሉ ሙላቱ አነስ ብሎ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ። ሰዓቱ በየቀኑ በአማካይ በ50 ደቂቃ ይዘገያል። የሙላቱ ስፋት ከጨረቃ ሙሉነት ይልቅ ጨረቃ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በራቀችበት ልክ ነው የሚሰፋው፤ ይህ ዑደት ደግሞ ወደ 14 ቀን የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ማሰባችሁ ጥሩ ነው፤ አንድ ሙሉ ዑደት ታገኛላችሁ። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ሰንጠረዡን ሳያይ ቀን ከቆረጠ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጥሩው ውሃ ማለዳና ማታ እየሆነበት፣ ነፋሱ ሲጠነክር ላጉኑ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የናትራንግን ወይም የካም ራንን የሙላት ሰንጠረዥ አውጡ፤ ሁለቱም ቅርብ ስለሆኑ ሰዓቱ ብዙ አይለያይም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃው ከመካከለኛው ከፍታ በላይ የሚሆንበትን ሰዓት አስምሩበት። በአብዛኛው ቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሰጣችሁን ሁለት ሳምንት ምረጡ።

ሰንጠረዡ ላይ 0.9 ሜትር ቢል ላጉኑ ውስጥ 0.9 ሜትር ውሃ አለ ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚለካው ከባህሩ ዝቅተኛ መነሻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደረሳችሁ ቀን፣ ካይት ሳትነፉ፣ የሪፍ ጫማ አድርጋችሁ ልትነዱበት ወዳሰባችሁት ቦታ በእግር ግቡ። ውሃው ጉልበት፣ ጭን፣ ወገብ ላይ ሲደርስ ሰዓቱን መዝግቡና ሰንጠረዡ በዚያ ሰዓት ስንት እንደሚል ጻፉ። ወገብ ላይ የደረሰበት ቁጥር ወደ ውሃው የመግቢያ ቁጥራችሁ ነው። ውሃው እየጎደለ ጭን ላይ ወደ ደረሰበት ቁጥር ሲቃረብ ከውሃው ትወጣላችሁ፤ የቱንም ያህል ነፋሱ ቢያምር። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ለቀሩት ቀናት ግምት ውስጥ አትገቡም።

ፎይል (ቦርዱን ከውሃው በላይ የሚያነሳ፣ ከሥሩ በረጅም ዘንግ የሚገጠም ክንፍ) ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ካለ፦ 75 ወይም 85 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ለዚህ ላጉን አይሆንም።

ደራሽ_ነፋስ
እጅግ አመሰግናለሁ። 12ቷ ቤት ትቀራለች ማለት ነው፤ 7 እና 5 እንፈልጋለን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። 5ቷን መግዛት ግዴታ ነው ወይስ እዚያ መከራየት ይቻላል? ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት ደግሞ ከሪፉ ውጭ ወጥቶ መንዳት ለእኛ ዓይነቱ ይሆናል?

አልቦ_ሞገድ
ከሪፉ ውጭ ያለው ሞገድ ለደረሰበት ሰው ጥሩ ነው፤ አሁን ባላችሁበት ደረጃ ግን በተለይ ጉድለት ላይ ተዉት። ምክንያቱ ሞገዱ ብቻ አይደለም። ከውጭ ሆኖ ካይት ቢወድቅና ቶሎ ባይነሳ፣ ሞገዱ እናንተንም ካይቱንም የሚገፋው ወደ ሪፉ ጫፍ ነው፤ በጉድለት ጊዜ ያ ጫፍ ከውሃው ብቅ ያለ ስለታም ድንጋይ ነው። ላጉን ውስጥ መስመር ቢበጠስ በእግር ትመለሳላችሁ። እዚያ ግን የሚመልሳችሁ ጀልባ ነው፤ ጀልባ ደግሞ በስልክ የሚመጣ ነገር አይደለም። ካይት ትምህርት ቤት ጋ ስትመዘገቡ የማዳኛ ጀልባ አለ ወይ፣ በስንት ሰዓት ይሠራል፣ ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ውጭውን ማየት ከፈለጋችሁ በሙላት ሰዓት፣ መውጫውን ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር አንዴ ውጡ።

የኪራዩን ነገር በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቶች ያከራያሉ፤ ነገር ግን ነፋሱ 28 በሚሆንበት ቀን 5 ካሬ የሚፈልገው ሁሉም ሰው ነው። ወይ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስይዙ፣ ወይ ያገለገለ ግዙ። እኔ መግዛቱን እመርጣለሁ።

ሪፍ ላይ የሚለየው አወዳደቅ ነው። ሚዛን ሲጠፋ እግር ወደ ታች መስደድ የአሸዋ ወለል ልማድ ነው፤ እዚህ በጀርባ ወይም በጎን ጠፍጠፍ ብሎ መውደቅ ነው ያለበት። ከወደቃችሁ በኋላም ለመቆም አትቸኩሉ፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፋችሁ ቦርዱን ያዙ። ውሃው ከደረት በታች በሆነበት ቦታ ዝላይ የለም። ለሁለታችሁም ሄልሜትና ኢምፓክት ቬስት (ምት የሚያበርድ ሰደርያ)፣ ወፍራም ሶል ያለው የሪፍ ጫማ፣ በሃርነሱ (ካይቱ ከወገብ ጋር በሚያያዝበት ቀበቶ) ላይ የመስመር መቁረጫ ቢላዋ ያስፈልጋል። ቀጭኑ የኒዮፕሪን ካልሲ የባህር ጃርት እሾህ አያግድም።

መስመር ኮራል ላይ ሲጠመጠም ብዙ ሰው ቆሞ ሊፈታው ይሞክራል። አደገኛ ነው። አንዱ የጎን መስመር ተይዞ ካይቱ ከተነሳ በክብ መሽከርከር ይጀምራል፣ በእያንዳንዱ ዙርም ኃይሉ ይጨምራል። መስመሩ እንደተያዘ ስታዩ ወዲያው ፈጣን መልቀቂያውን (ካይቱን ከሃርነሱ በአንድ ጊዜ የሚለቀውን) ግፉ፣ ካይቱ በሴፍቲ መስመሩ ላይ ተዘርግቶ ይተኛ፣ ከዚያ ነው የሚፈታው። መልቀቂያውን በየጠዋቱ መሬት ላይ አንዴ ለቃችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ጨውና አሸዋ የገባበት መልቀቂያ የሚጣበቀው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ቁስል ቢኖር፦ ኮራል ቁስል ውስጥ ትንንሽ ስብርባሪ ይተዋል። በንጹህ ውሃና ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ ስብርባሪውን በወረንጦ ማውጣት፣ ቤታዲን መቀባት፣ ደረቅ አድርጎ መሸፈን። ላይ ላዩን ብቻ ታጥቦ በማግስቱ ውሃ የገባ ቁስል ነው የሚያመረቅዘው። መቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ቤት ነው፣ ነገ ዛሬ የለም።

መንገደኛው_ካርታ
እኔ ስለ መንገዱና ስለ ቀኑ ልበል። መጀመሪያ ቀኑን ቀይሩ። በ2027 የቬትናም አዲስ ዓመት፣ ቴት፣ ፌብሩዋሪ 6 ላይ ይውላል። ከቴት በፊት ባለው ሳምንት ከሆ ቺ ሚን ከተማ ወደየክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ይጎርፋል፤ የባቡርና የአውቶቡስ ወንበር ከረጅም ጊዜ በፊት ያልቃል፣ በበዓሉ ቀናት ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ የቀረውም ዋጋ ይጨምራል። ፌብሩዋሪ 7 ላይ መውጣት ማለት የበዓሉ ሁለተኛ ቀን ላይ መኪና መፈለግ ማለት ነው። የጨው_ውሃ የሙላት ሰንጠረዥ ከፈቀደ ከጃንዋሪ 9 እስከ 23 አድርጉት፤ ነፋሱ ያው ነው።

በአየር የምትገቡት በካም ራን ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ ወደ ፋን ራንግ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሆ ቺ ሚን ከተማ ከሆነ ግን 340 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሽ ቀን ይወስዳል። በባቡር መሄድም ይቻላል፤ ጣቢያው ታፕ ቻም ይባላል፣ ፋን ራንግ ከተማ አጠገብ ነው። ረጅም የቦርድ ቦርሳ ግን ባቡር ውስጥ ያስቸግራል። አድራሻ ስትፈልጉ ደግሞ፣ የኒን ቱዋን ክፍለ ሀገር በጁላይ 2025 ከካን ሆአ ጋር ስለተዋሃደ አዲስ ሰነድ ላይ ካን ሆአ ተብሎ ብታገኙት ቦታው ያው ነው።

ቪዛውን በኦንላይን ታወጣላችሁ። ኢ-ቪዛ እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለተደጋጋሚ 50 ዶላር ነው። ቪዛው ቢከለከልም ክፍያው አይመለስም። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ሁሉንም ስም በቅደም ተከተሉ ጻፉ። የአያት ስም የሚዘለለው ወይም ቦታ የሚቀያየረው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ፊደል ስህተት አየር መንገዱ ላያሳፍራችሁ ይችላል። የምትገቡበትንም አየር ማረፊያ ቅጹ ላይ በትክክል ምረጡ።

ሻንጣ። መደበኛው ሻንጣ 23 ኪሎ ሆኖ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ሲደመር 158 ሴንቲ ሜትር ነው። የ138 ሴንቲ ሜትር ቦርድ ያለበት ቦርሳ ይህን በእርግጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ከበረራው በፊት እንደ ስፖርት ዕቃ አስመዝግቡትና ማረጋገጫውን አትሙት። ክብደቱ ግን አያሳስብም። ሦስት ካይት 10 ኪሎ፣ ሁለት ባር 3፣ ሁለት ቦርድ 8፣ ሁለት ሃርነስ 5፣ ፓምፕ 1.5፤ በድምሩ 27.5 ኪሎ ገደማ። ሁለት ቦርሳ ላይ ብታካፍሉት ለልብስም ቦታ ይተርፋል። ሁለቱንም ባር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ፤ አንዱ ቢዘገይ በሌላው ቢያንስ አንድ ሰው ይነዳል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለ ሊቲየም ባትሪው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሞተር ሳይክል ልትከራዩ ካሰባችሁ፣ ቬትናም የምትቀበለው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1968 የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የተሰጠውን ነው፤ የ1949ኙ እዚያ አይሠራም። ያለ ትክክለኛ ፈቃድ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ኢንሹራንሱ ላይ ካይትሰርፊንግ በስም የተጠቀሰ መሆኑንም አንብቡ፤ «የውሃ ስፖርት» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ጥሬ ገንዘብ ከከተማ አውጥታችሁ ሂዱ፤ የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ብሮች ሁለቱም ሰማያዊ ስለሆኑ ስትከፍሉ ዜሮውን ቁጠሩ።

አልቦ_ሞገድ
አንድ የረሳሁት፣ የጥገና ዕቃ። ቅርብ ሱቅ አለ ብላችሁ አትሂዱ። የምትይዙት፦ ለብላደር (ካይቱ ውስጥ ላለው የአየር ከረጢት) ቲር ኤይድ ዓይነት ኤ የሚባለው ልጣፍ፣ ለሸራው ሪፕስቶፕ ቴፕ፣ የአልኮል መጥረጊያ፣ አንድ ትርፍ የጎን መስመር፣ ሁለት ፒግቴል (መስመርና ካይት የሚያገናኝ አጭር ገመድ)፣ ትርፍ ፊንና ኤም6 ብሎኖች ከነመፍቻቸው፣ የፓምፑ ጫፍ ማገናኛ።

ብላደር ተቀድዶ የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት በሳሙና ውሃ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ። ብላደሩን ከቱቦው ስታወጡ ከመጎተታችሁ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቀጭን ገመድ እሰሩበት፤ ገመዱ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ሲለጠፍ መልሳችሁ በእሱ ትስቡታላችሁ። ያለ ገመድ ያወጣ ሰው መልሶ ለማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ቦታውን በአልኮል ጠርጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ልጣፉን ከመሃል ወደ ዳር እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡ። ስትመልሱት እንዳይጠማዘዝ፤ የተጠማዘዘ ብላደር ሲነፋ ይፈነዳል።

የነፋችሁትን ካይት ለምሳ ስትሄዱ ፀሐይ ላይ አትተዉት። አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ የቫልቩ ማጣበቂያ ይለሰልሳል፣ ቫልቩም ይላቀቃል። ቆይታችሁ ከ20 ደቂቃ የሚበልጥ ከሆነ አየሩን አውጡና ጠቅልሉት።

ደራሽ_ነፋስ
የጃንዋሪ 9–23ን ሰንጠረዥ አሁን እያወጣሁ ነው። 7 እና 5ን እንገዛለን፣ 12ቷ ትቀራለች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በአዲሶቹ ካይቶች የድሮውን ባር መጠቀም ይቻላል?

ሞንሱን_ጠባቂ
ከአንድ አምራች ከሆኑና የፊት መስመሮቹ መገናኛ ዓይነት ከገጠመ ይቻላል። የተለያየ ከሆነ የአምራቹን መመሪያ እዩ፤ የሴፍቲው አሠራር ካልገጠመ ስትለቁት ካይቱ ኃይሉን ላይጥል ይችላል። የባሩ ስፋትም አለ፤ በ52 ወይም 55 ሴንቲ ሜትር ባር 5 ካሬ ካይት በጣም ፈጣን ይሆናል፣ ጓደኛህ 45 ወይም ከዚያ አካባቢ ያለ ብታገኝ ይቀላታል። ከመሄዳችሁ በፊት አራቱንም መስመር አንድ ምሰሶ ላይ አስራችሁ፣ ትሪሙን (የፊት መስመሮቹን ርዝመት የሚያስተካክለውን ማሰሪያ) ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ፣ ባሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ባሩ ቀጥ ካላለ አንዱ የጎን መስመር ረዝሟል፤ ካይቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ በ5 ካሬ ላይ በደንብ ይታወቃል።